ከፍሎ መቆፈር፦ የእንግሊዝን አሮጌ ቦዮች ከሚያድሱ በጎ ፈቃደኞች ጋር

ይህ ግምገማ የሚመለከተው ገንዘብ ከፍለው የሚገዙትን ዕቃ ሳይሆን ገንዘብ ከፍለው ጉልበት የሚሰጡበትን እንግዳ አገልግሎት ነው። በእንግሊዝ አገር ከብዙ ዘመን በፊት ተደፍነው፣ ዛፍ በቅሎባቸውና ቆሻሻ ተጥሎባቸው የቀሩ የጀልባ ቦዮችን እንደገና ውኃ ለማስያዝ የሚደክሙ የበጎ ፈቃድ ማኅበራት «የቦይ ካምፕ» የሚሉትን የአንድ ሳምንት የሥራ ጊዜ ያዘጋጃሉ። ተሳታፊው ለምግቡና ለማደሪያው መጠነኛ ገንዘብ ይከፍላል፤ ከዚያ በኋላ በመንደር አዳራሽ ወለል ላይ እያደረ ስድስት ቀን ሙሉ ጡብ ይሸከማል፣ ጭቃ ይዝቃል፣ ቁጥቋጦ ይመነጥራል። እኔ ባለፈው ነሐሴ ከእነዚህ ካምፖች በአንዱ ተሳትፌአለሁ፤ ይኸው እንቅስቃሴ የሚደግፋቸውን ሁለት የውኃ መንገድ በዓላትም፣ አንዱን እንደ ሠራተኛ ሌላውን እንደ ተመልካች ሆኜ አይቻለሁ። የሠራሁበትን ቦይና ያስተናገደኝን የአካባቢ ማኅበር ስም አልጠቅስም፤ ከምስጋናው ጋር የማነሣው ቅሬታ ስላለኝ፣ ያለ ደመወዝ የሚደክሙ ሰዎችንም በስማቸው መውቀስ ስላልፈለግሁ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለካምፑ መመዝገቤን ለእናቴ በስልክ በነገርኳት ጊዜ መጀመሪያ ዝም አለች፤ ቀጥሎም «ልጄ፣ ከፍለህ ነው የምትቆፍረው?» አለችኝ። «አዎ፣ እማዬ» አልኳት። «ታዲያ ደቦ ጠሪው ማን ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ የቀልድ ቢመስልም ሳምንቱን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም። እኛ የምናውቀው ደቦ ባለቤት አለው፤ እህሉ የሚታጨድለት፣ ጠላውን የሚጠምቅ፣ ሠራተኛውን አብልቶና አጠጥቶ የሚሸኝ ባለ ማሳ አለ። ወንፈልም ቢሆን ዛሬ ለአንተ፣ ነገ ለእኔ የሚል የታወቀ ብድር አለው። እዚህ ግን የሚታጨደው እህል የማን እንደሆነ በቀላሉ አይታወቅም፤ ሠራተኛውም የራሱን ስንቅ ከፍሎ ይመጣል።

አገልግሎቱን ለመመዘን ቦዮቹ ለምን እንደተሠሩና ለምን እንደሞቱ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1761 የብሪጅወተር መስፍን ከወርስሊ የማዕድን ጉድጓዶቹ ወደ ማንቸስተር ከሰል የሚያመላልስበት ቦይ ሲከፈት በከተማይቱ የከሰል ዋጋ በግማሽ ያህል እንደወረደ ይነገራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በጭቃ መንገድ ላይ በጀርባው አንድ ኩንታል ገደማ ብቻ የሚሸከም ፈረስ፣ ዳር ዳሩን እየሄደ ጀልባ ሲጎትት 30 ቶን ገደማ ያንቀሳቅሳል። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሰባ ዓመታት አገሩ በሙሉ በቦይ ተቆራረጠ። ቆፋሪዎቹ ቦዩን «ናቪጌሽን» ከሚለው አጠራር ተነሥቶ «ናቪ» ተባሉ፤ የዛሬዎቹ በጎ ፈቃደኞችም ይህን የጉልበት ሠራተኛ ስም በኩራት ይጠሩበታል። የባቡር ሐዲድ ሲመጣ የቦዮቹ ገቢ ተመናመነ፤ ብዙዎቹንም የባቡር ኩባንያዎች ራሳቸው ገዝተው ችላ አሏቸው። በ1948 አብዛኞቹ የመንግሥት ንብረት ሲሆኑ ባለሥልጣናቱ የሚያስቡት ስለ ማደስ ሳይሆን ስለ መዝጋት ነበር።

የተቃውሞው መነሻ በ1946 የተመሠረተው የአገር ውስጥ የውኃ መንገዶች ማኅበር ነው። ቶም ሮልትና ሮበርት ኤይክማን የተባሉት ሁለቱ ዋና መሥራቾች ብዙም ሳይቆዩ ተጣሉ፤ የጠቡ አንዱ ምክንያት ሁሉንም ቦይ እናድን ወይስ የሚድነውን እንምረጥ የሚለው ጥያቄ ሲሆን፣ ይህ ክርክር በእኔ ካምፕ የሻይ ሰዓት ላይም እንደ ትናንት ነገር ሲነሣ ሰምቻለሁ። ከታሪኩ ሁሉ እኔን የማረከኝ የስትራትፎርድ ቦይ ነገር ነው። የዎሪክሻየር አስተዳደር ደቡባዊው ክፍል ለሦስት ዓመት አንድም ጀልባ አላለፈበትምና ይዘጋ ሲል ጥያቄ አቀረበ፤ በአንዲት ታንኳ የቀዘፉ ሰዎች ግን የከፈሉበትን የመተላለፊያ ደረሰኝ ይዘው ተገኙ። ደረሰኝ የማይጥል ሰው አገር ያድናል ማለት ይህ ነው። ቦዩ በበጎ ፈቃደኞች፣ በወታደሮችና በእስረኞች ጉልበት ታድሶ በሐምሌ 1964 በንግሥቲቱ እናት ተመረቀ። በ1968 ደግሞ ከ600 በላይ ሰዎች በአንድ ቅዳሜና እሑድ ከማንቸስተር አጠገብ ካለው ከአሽተን ቦይ 2,000 ቶን የሚያህል ቆሻሻ አወጡ፤ ቦዩም በ1974 ተከፈተ። ይህን የተበታተነ ጉልበት በአገር ደረጃ የሚያስተባብረው ቡድን የተመሠረተው በ1970 ሲሆን፣ ዛሬም ካምፖቹን የሚመራው እርሱ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ሳምንት ልመለስ። የምዝገባው ቅጽ አጭርና ግልጽ ነበር፤ ዕድሜን፣ የጤና ሁኔታን፣ የመጨረሻውን የቴታነስ ክትባትና የምግብ ፍላጎትን ይጠይቃል። የሙያ ልምድ አይጠይቅም፤ ይህም በመጀመሪያ አጠራጥሮኝ ነበር። የከፈልኩት የሳምንት ገንዘብ በለንደን የአንድ ሌሊት ሆቴል ከሚያስከፍለው ያንሳል። የሄልሜትና የመሣሪያ ነገር በእነርሱ ነው፤ አፍንጫው ብረት የሆነ ጫማና የመኝታ ከረጢት ግን ራስህ ታመጣለህ። ከባቡር ጣቢያ ወደ አዳራሹ የወሰደን ሚኒባስ ወንበሩ በደረቀ ጭቃ የተለበጠ ነበርና ንጹሕ ልብስ ለብሶ መምጣት ከንቱ እንደሆነ ገና በመንገድ ተረዳሁ። በአዳራሹ 18 ሰዎች ነበርን፤ ታናሹ ለትምህርት ቤት የበጎ አድራጎት ሽልማት የመጣ የ17 ዓመት ልጅ፣ ታላቁ ደግሞ ሰማንያን የተሻገሩ የቀድሞ የስልክ መሐንዲስ ነበሩ። ከእኔ በቀር ጥቁር ሰው አልነበረም፤ ይህን የምጠቅሰው በቅሬታ አይደለም፣ ወደዚያ የሚሄድ ያገሬ ሰው አስቀድሞ ቢያውቀው ይሻላል ብዬ ነው። ያጋጠመኝ አቀባበል የሞቀ ነበር።

ሥራችን የአንድ ሎክ ግድግዳ መልሶ መገንባት ነበር። ሎክ ማለት በላይና በታች በሮች ያሉት፣ ጀልባን ከአንዱ የውኃ ከፍታ ወደ ሌላው የሚያሸጋግር የጡብ ክፍል ነው፤ ከላይ ውኃ ሲለቀቅበት ጀልባው ይነሣል፣ ወደ ታች ሲለቀቅ ይወርዳል። ሞተርም ሆነ ፓምፕ የለውም፤ ኮረብታውን የሚያስወጣው ቁልቁል የሚወርደው ውኃ ራሱ ነው። የእኛ ሎክ ከፊሉ ግድግዳ ተንዶ፣ ወለሉ ላይ የሾላ መሰል ትልቅ ዛፍ ሥር ሰድዶበት ነበር። ዛፉን ከእኛ በፊት የነበሩት ሳምንተኞች ቆርጠው ወስደውታል፤ ጉቶው ግን ለእኛ ቀርቶልን ነበርና ሁለት ቀን በዶማና በዲጂኖ ታገልነው፤ በሦስተኛው ቀን ኤክስካቫተር መጥቶ በአምስት ደቂቃ ነቀለው። ማሽኑ እንደሚመጣ ከመጀመሪያው ይታወቅ ኖሮ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት በሌላ ሥራ ባሳለፍናቸው ነበር። ይህ የመጀመሪያው ቅሬታዬ ነው።

ሁለተኛው ሥራዬ ጡብ ማጽዳት ነበር። ከተናደው ግድግዳ የወጡት አሮጌ ጡቦች የተጣበቀባቸውን ኖራ በመዶሻና በመሮ እያራገፉ ለዳግም ግንባታ ማዘጋጀት ማለት ነው። በመጀመሪያው ቀን 180 አጸዳሁ፤ አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ ሳይቸኩሉ፣ በየመሃሉም ስለ ጉልበታቸው ቀዶ ጥገና እያጫወቱኝ ከእኔ እጥፍ በላይ ሠሩ። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባላል፤ ጡብ ግን ለሃምሳ ሰው ቢከፋፈልም ጌጥ አይሆንም፤ ማታ ላይ ጣቶቼ ማንኪያ አልይዝ ብለው ነበር። ቢሆንም ከሳምንቱ ሥራ ሁሉ አብልጬ የወደድኩት ይህን ነው፤ ምክንያቱም ኖራ ምን እንደሆነ የገባኝ እዚያ ነው። ኖራ በቀስታ ይጠነክራል፣ ከጡቡ ይልቅ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፣ መሬት ሲንቀሳቀስም ከግድግዳው ጋር በጥቂቱ ይላወሳል፤ ግድግዳው በፈረሰ ጊዜ ደግሞ ጡቡን ሳይሰብር ይለቀዋል። ሲሚንቶ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ከጡቡ በላይ ጠንክሮ ውኃውን በጡቡ ውስጥ ያስቀረዋል፣ ውርጭ ሲመጣም ጡቡ ፊቱ እየተቀረፈ ይረግፋል። ከአርባና ሃምሳ ዓመት በፊት በቅን ልብ በሲሚንቶ የተጠገኑ አሮጌ ግድግዳዎችን ዛሬ እንደገና ማፍረስ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

የጎንደርን ግንብ ያየ ሰው ይህን ሲሰማ የሚያስበውን እኔም አሰብኩ። የፋሲል ግንብ በድንጋይና በኖራ የቆመ ነው፤ በልጅነቴ በትምህርት ቤት ጉብኝት ሄጄ ግድግዳውን ስዳስስ እጄ ላይ የቀረው ነጭ ብናኝ ምን እንደሆነ የጠየቅሁት አስጎብኚ «እንቁላል ነው» ብሎኝ ነበርና፣ ትክክለኛውን መልስ ከብዙ ዓመት በኋላ ከአንድ የእንግሊዝ ግንበኛ ማግኘቴ ትንሽ አሳፍሮኛል። ግንበኛው ከካምፑ ሠራተኞች ሁሉ ደመወዝ የሚከፈለው እርሱ ብቻ ሲሆን ትዕግሥቱ ወሰን አልነበረውም። ቱንቢ እንዴት እንደሚጣል፣ ውኃ ልክ የት የት እንደሚቀመጥ፣ ጡብ ከመጣሉ በፊት ለምን ውኃ እንደሚነከር፣ የተሠራው ግድግዳ ለምን ማታ ማታ በረጠበ ጆንያ እንደሚሸፈን አንድ በአንድ አሳየን። ቅዳሜ ስንለያይ ሰባት ረድፍ ጡብ በእኔ እጅ ቆሟል፤ ሦስተኛው ረድፍ ሁለት ጊዜ ፈርሶ የተሠራ መሆኑን ግን አልደብቅም።

የቦዩን ወለል ውኃ እንዳያሰርግ የሚያደርጉበት ዘዴም ለእኛ አዲስ አይደለም። ቀይ ጭቃ ከውኃ ጋር ተቦክቶ፣ ተረግጦ፣ አየሩ በሙሉ እስኪወጣ ድረስ ተደጋግሞ ይታሻል፤ ጥንት ከብት እየነዱ ያስረግጡት እንደነበር ይነገራል። ለቤት ምርጊት ጭቃ ያቦካ ሰው እግሩን ከነከረበት ቅጽበት ጀምሮ ሥራውን ያውቀዋል፤ ልዩነቱ ጭድ አለመግባቱ ብቻ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ሳምንቱን ሙሉ ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ አስተማሪ ሆንኩ። ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጭቃውን በአካፋ ሲገላብጡ አይቼ ቦት ጫማዬን አጥልቄ ገባሁና ተረከዝ አስቀድሞ እየተሽከረከሩ እንዴት እንደሚረገጥ አሳየኋቸው። ከዚያ ቀን በኋላ የጭቃው አለቃ ተብዬ ተሾምኩ።

ስለ ምግቡ ብዙ መናገር አያስፈልግም ነበር፤ ነገር ግን ሳምንቱ በፍልሰታ ጾም ውስጥ ስለዋለ ለእኔ ዋና ጉዳይ ሆነ። በቅጹ ላይ ሥጋም ወተትም ቅቤም እንደማልበላ ጽፌ ነበር፤ ወጥ ቤቷን የያዙት ሴትዮም፣ እርሳቸውም በጎ ፈቃደኛ ናቸው፣ ከመጀመሪያው ምሽት ጀምሮ የእኔን ድስት ለብቻው አስቀመጡልኝ። የባቄላና የምስር ዓይነት አላጓደሉብኝም። ሐሙስ ዕለት ይዤው የሄድኩትን በርበሬ አውጥቼ ለሁሉም ምስር ወጥ ሠራሁ፤ እንጀራ ስላልነበረ በሩዝ ተበላ፣ ሰማንያ ዓመት የተሻገሩት መሐንዲስ ሁለት ጊዜ ጨመሩ፣ የ17 ዓመቱ ልጅ ግን ውኃ ፍለጋ ሮጠ። በሥራ ቦታ የሚፈላው ሻይ በአንድ ትልቅ የጋዝ ማፍያ ከጠዋት እስከ ማታ አይቋረጥም፤ የእንግሊዝ ሻይ ላልለመደው ሰው ግን ቅመም የሌለው ጥቁር ውኃ ሆኖ ይሰማዋል፤ ቀረፋና ቅርንፉድ ይዞ መሄድ ይመከራል።

ዋናው ቅሬታዬ ማደሪያው ነው። ለ18 ሰው አንድ የገላ መታጠቢያ ብቻ ነበር፤ ሙቅ ውኃውም ከስድስተኛው ሰው በኋላ ያልቃል። ሌሎች ካምፖች ወደ አካባቢው የስፖርት ማእከል ወስደው እንደሚያስታጥቡ ከነባሮቹ ሰምቻለሁ፤ የእኔ አስተናጋጆች ግን ይህን አላሰቡበትም። አንዲት ወጣት በአዳራሹ ውስጥ ለሴቶች የተለየ ክፍል አለመኖሩን አስቀድሞ ያልነገሯት መሆኑን በግልጽ ተቃውማ፣ ከሁለተኛው ሌሊት ጀምሮ በወንበር ማከማቻው ክፍል እንድትተኛ ተደርጓል። ይህ መፍትሔ በመጀመሪያው ቀን ሊሰጥ ይችል ነበር። የመኪና ጉዳይም አለ፤ ቦዮቹ ያሉት ከባቡር መስመር ርቀው በገጠር ስለሆነ፣ መኪና የሌለው ሰው ጣቢያ ድረስ ሚኒባስ ይላክለት እንደሆነ ከመክፈሉ በፊት መጠየቅ አለበት።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚነሣው ጥያቄ ግን ሥራው ውጤት ያመጣል ወይ የሚለው ነው። መልሱ እንደ ቦዩ ይለያያል። ከሬዲንግ እስከ ብሪስቶል የሚደርሰው የኬኔትና ኤቨን ቦይ 87 ማይል ርዝመት አለው፤ በዲቫይዝስ አጠገብ 29 ሎኮች ተከታትለው ኮረብታውን ይወጣሉ፣ ከእነርሱ 16ቱ እንደ ደረጃ በቀጥታ የተደረደሩ ናቸው። ይህ ሁሉ ለዓመታት በአረም ተውጦ ከቆየ በኋላ ታድሶ በነሐሴ 1990 በንግሥት ኤልሳቤጥ ተመርቋል፤ ዛሬ ሄዶ ያየ ሰው ፈርሶ ነበር ቢሉት አያምንም። በሰሜን የሐደርስፊልድ ጠባብ ቦይ ማኅበር በ1974 ተመሥርቶ፣ ከአምስት ኪሎ ሜትር በላይ ከሚረዝመው የስታንዴጅ ዋሻ ጋር ቦዩ በ2001 ተከፈተ፤ 27 ዓመት ማለት ነው። በደቡብ የዌይና አሩን ቦይ ማኅበር ደግሞ ከ1970 ጀምሮ ሲሠራ ቆይቶ እስካሁን ከ23 ማይሉ ያደሰው ከፊሉን ብቻ ነው። የቤዚንግስቶክ ቦይ በ1991 ቢከፈትም በበጋ ውኃ ያጥረዋል፤ ከወዲያኛው ጫፉ ያለው የግሬዌል ዋሻ ከ1932 ጀምሮ ተደርምሶ የሌሊት ወፍ መኖሪያ ሆኗል፣ የሌሊት ወፎቹም በሕግ ስለሚጠበቁ ጀልባ ወደዚያ ይመለሳል ተብሎ አይጠበቅም። የተተወ ቦይ ባዶ ቦታ አይደለም፤ በሞተበት ዘመን ሌላ ሕይወት ገብቶበታል። በእኔ ካምፕም አንድ ቀን ጠዋት በቁጥቋጦው ውስጥ የወፍ ጎጆ በመገኘቱ ሠላሳ ሜትር ያህል ቦታ ሳይነካ ቀርቷል፤ ይህንም ማንም አልተከራከረበትም።

ውኃው ከገባ በኋላም ሥራው አያበቃም። በእንግሊዝ ቦዮች ላይ ከሰሜን አሜሪካ የመጣ አንድ ተንሳፋፊ አረም አለ፤ በሞቀ ወቅት በቀን እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ያድጋል፣ የውኃውን ገጽ ሸፍኖ ዓሣውን አየር ያሳጣል። በጎ ፈቃደኞች በታንኳ ላይ ሆነው በእጅ ይነቅሉታል፤ የቀረች አንዲት ቁራጭ ግን እንደገና ትበቅላለች። ይህን ሥራ ሳይ ጣና ዳር ወገባቸው ድረስ ውኃ ገብተው እምቦጭ የሚነቅሉት ገበሬዎች ትዝ አሉኝ፤ የጣናው ሥራ እጅግ የከፋ ቢሆንም የእጁ እንቅስቃሴ አንድ ነው። አገር ቤት የመስኖ ቦይ ባለበት ቀበሌ የውኃ አባት ቀን ቆርጦ ተጠቃሚውን ለጠረጋ ያስወጣል፤ ያልወጣ ተራውን ያጣል ወይም ይቀጣል። እዚህ ግን የሚቀጣም ተራ የሚነሣም የለም፤ ሰው የሚወጣው ካልወጣ ምንም ሳይጎድልበት ነው። ታዲያ ምን ያወጣዋል?

የመልሱን ከፊል ያገኘሁት በበዓላቱ ላይ ነው። የአገር ውስጥ የውኃ መንገዶች ማኅበር የመጀመሪያውን ትልቅ በዓል በነሐሴ 1950 በማርኬት ሃርቦሮ ከተማ ሲያዘጋጅ ከ100 በላይ ጀልባዎች ተሰብስበው ነበር፤ ዓላማው ጭፈራ ሳይሆን ሞቷል የተባለው የውኃ መንገድ ሰው እንደሚወድደው ለመንግሥት ማሳየት ነበር። ከዚያ ወዲህ በዓል የዘመቻው መሣሪያ ሆኖ ቀርቷል፤ ጀልባዎች መዘጋት ወደሚያሰጋው ቦይ ሆን ብለው በብዛት ይሄዳሉ፣ ጀልባ በሚሄድበት ውኃ ላይ ደግሞ መዝጊያ ማስቀመጥ አስቸጋሪ ይሆናል። ከስትራትፎርዱ የመተላለፊያ ደረሰኝ ታሪክ ጋር አንድ ዓይነት ብልሃት ነው። ቦይ የሚያድሱት በጎ ፈቃደኞችም ለእነዚህ በዓላት አጥር ይተክላሉ፣ ድንኳን ያቆማሉ፣ በጭቃ ላይ የመኪና መተላለፊያ ያነጥፋሉ፣ በመጨረሻም ሁሉንም ነቅለው ሜዳውን እንደነበረ ያስረክባሉ።

እኔም በግንቦት መጨረሻ በአንድ አነስተኛ የገጠር በዓል ላይ በዚሁ ሥራ ሁለት ቀን አገለገልኩ። አጥሩን መትከል አስደሳች ነበር፤ በማግሥቱ ግን የመኪና ማቆሚያ እንድጠብቅ ተመድቤ ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ አምስት ሰዓት ሙሉ ተተኪ ሳይመጣልኝ ቆሜ ዋልኩ። ለአስተባባሪው ብደውልለት ስልኩ በሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ሆኖ ተገኘ። ምሳዬን ያመጣችልኝ አይስክሬም ሻጭዋ ናት። ከዚያ በዓል ያየሁት ጀልባ ሁለት ብቻ ነው፤ እርሱም በተጎታች መኪና ላይ ተጭኖ ሲገባ። በጎ ፈቃደኛ ማለት ፈረቃ የማያስፈልገው ሰው ማለት እንዳልሆነ አዘጋጆቹ ሊያስቡበት ይገባል።

በለንደን የሚደረገውን ካናልዌይ ካቫልኬድ ያየሁት ግን በተመልካችነት ነው፤ ከ1983 ጀምሮ በግንቦት መግቢያ ባለው ረጅም የዕረፍት ቀን በሊትል ቬኒስ ሲከበር የኖረ ነው። ቦታው በ1801 የተከፈተው የፓዲንግተን ቅርንጫፍና በ1820 እስከ ቴምዝ የደረሰው የሬጀንት ቦይ የሚገናኙበት ሰፊ ኩሬ ሲሆን፣ የእኔ ቤት ከዚያ የሃያ ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። ጀልባዎቹ በባንዲራና በአበባ አጊጠው ጎን ለጎን ተጠጋግተው ይቆማሉ። ርዝመታቸው እስከ 21 ሜትር ገደማ፣ ወርዳቸው ግን ሁለት ሜትር ከጥቂት ብቻ ነው፤ የጥንቶቹ ሎኮች ጠባብ ሆነው ስለተሠሩ ጀልባው ከሎኩ ልክ አይወጣም። በጀልባ አያያዝ ውድድር ላይ ይህን የሚያህል ብረት አንድ ሰው በአንዲት የመሪ ዘንግ በኩሬው መካከል ሲያዞረው ሕዝቡ ትንፋሹን ይውጣል፤ ዳር ሲነካ ደግሞ በአንድ ድምፅ ያጉረመርማል። እሑድ ምሽት ጀልባዎቹ መብራት ለብሰው በሰልፍ ሲያልፉ ሴት ልጄ ትከሻዬ ላይ ሆና «ጥምቀት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አይደለም አልኳት፤ ነገር ግን ሰው ሁሉ ወደ ውኃ ዞሮ፣ ልጅ አዝሎ፣ የሚያልፈውን ለማየት አንገቱን ሲያሰግግ ያየ ልጅ ሌላ ምን ሊል ይችላል? በአንድ ጥግ ባለ ድንኳን ውስጥ ደግሞ የተለያዩ የማደሻ ማኅበራት ተወካዮች ተቀምጠው የአባልነት ቅጽ ያድላሉ። እኔ የካምፑን በራሪ ወረቀት ያገኘሁት ከዚያ ነው። እናቴ የጠየቀችውን ደቦ ጠሪ ያየሁትም በዚያች ድንኳን ውስጥ ይመስለኛል፤ የተጣጠፈች የካምፕ ወንበር ላይ የተቀመጠች፣ ጭቃ ያልለቀቀው ጃኬት የለበሰች አንዲት ሴት ነበረች።

እንግዲህ ማን ይሂድ? ወገቡን የሚያመው ሰው አይሂድ፤ ቢሄድም ጡብ ማጽዳትና ወጥ ቤት ይምረጥ፣ ማንም አይነቅፈውም። የግንባታ ሙያ መማር ለሚፈልግ ወጣት በዚህ ዋጋ የሚገኝ የተሻለ ትምህርት አላውቅም። ሰው ሳያገኝ ለሚውል፣ ከሥራ ቤት ከቤት ሥራ ለሚመላለስ የለንደን ነዋሪም እመክራለሁ፤ እኔ በዚህ አገር ከኖርኩበት ዘመን ሁሉ ከእንግሊዛውያን ጋር አብልጬ ያወራሁት በዚያ አንድ ሳምንት ነው፣ እርሱም አብዛኛው ስለ ጭቃ ነበር። ሁለት ጥንድ ጓንት፣ ወፍራም ፍራሽ፣ የጆሮ መዝጊያ ይዘህ ሂድ፤ በአዳራሹ ውስጥ የሚያንኮራፉት ከሥራው ይልቅ ያደክማሉ። የዓይን መከላከያ መነጽር አታውልቅ፤ ኖራ ዓይን ያቃጥላል። ከአምስት ኮከብ ስንት ትሰጣለህ ብባል ለሥራውና ለአስተማሪው አምስት፣ ለማደሪያው ሁለት፣ ለሻዩ አንድ እሰጣለሁ።

ለጥቅምት ወር አንድ የቅዳሜና እሑድ ሥራ ተመዝግቤአለሁ፤ የሎኩን ግድግዳ አናት በድንጋይ የመዝጋት ሥራ ነው፣ በሮቹ ግን ገና አልተሠሩም። እናቴ በደወለች ቁጥር መጀመሪያ የልጆቹን ጤና፣ ቀጥላ «ውኃው ገባ ወይ?» ብላ ትጠይቀኛለች። ገና ነው እላታለሁ።